የፈረንጆቹ ሳጥንና የአማቴ እጅ

አሁን የምኖርበት የልጄ ቤት መጸዳጃው ከመኝታዬ ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። አንዱ ገብቶ ሲወጣ ውሃው ሹርር ብሎ ይወርድና ጸጥ ይላል። የት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ጋደም ባልኩበት «ይሄስ አሁን የት ደረሰ?» እላለሁ። ባለቤቴ ትሰማኝና «የድሮ ሥራህ ናፈቀህ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ናፍቆኛል። አንዱ ወጣትነቱን በዘፈን ያስታውሳል፣ ሌላው በትምህርት ቤት፤ እኔ የማስታውሰው በሰገራ ነው። ያውም በሰው፣ ያውም በፈረንጅ።

በደርግ ዘመን ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታ ነበር። የምመታው በሁለት ጣት ነው፤ የቀሩት ስምንቱ ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን አለቃችን «እንግሊዝኛ የሚችል አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ እጄን ያወጣሁ እኔ ብቻ ሆንኩ። የኔ እንግሊዝኛ ጠዋት ቢጀመር ከምሳ በፊት የሚያልቅ ነበር፤ ግን ማን ይለካዋል?

የመጡት ባልና ሚስት ነበሩ፣ ሁለቱም የሸበቱ። ሥራቸው በአንኮበር ዙሪያ ያሉትን ምንጮች አንድ በአንድ እየዞሩ ማጥናት ነው። የከተማውን ሰው ሥራ ያስፈታው ግን ጥናታቸው ሳይሆን መኪናቸው ነበር። ከውጭ ሲያዩት ነጭ የጭነት መኪና ነገር ነው፤ ውስጡ ግን ሙሉ ቤት። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጋረጃ አለው። ሰው በመስኮቱ እያጮለቀ «ይሄ ሰው ቤቱን ለጎረቤት አደራ መስጠት አያስፈልገውም» ይባባል ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ፈረንጁ በመኪናው ጎን ያለች አጭር በር ከፈተና መያዣ ያለው ግራጫ ሳጥን ጎትቶ አወጣ። ሳጥኑን አስታቅፎኝ ረጅም ነገር ተናገረ። ከተናገረው ውስጥ የያዝኩት «በጥንቃቄ» የሚለውንና «በየቀኑ» የሚለውን ብቻ ነው። ነቅነቅ ሳደርገው ውስጡ ይንቦጫቦጫል። ሰዎቹ የሚያጠኑት ምንጭ ነው፤ ሳጥኑ የሚንቦጫቦጭ ነው፤ ታዲያ ከምንጭ ውሃ ናሙና ሌላ ምን ሊሆን ነው? በትከሻዬ አደረግሁና በዋናው መንገድ፣ ሰው እንዲያየኝ ቀስ ብዬ፣ ወደ መሥሪያ ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ወሰድኩት።

ንብረት ያዣችን ዝንብ እንኳ ያለ ደረሰኝ የማያስገቡ ሽማግሌ ነበሩ። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ለሚገባ ዕቃ የሚቆረጠውን ሞዴል አሥራ ዘጠኝ አውጥተው፣ «የምንጭ ውሃ፣ ናሙና፣ አንድ ሳጥን» ብለው በሚያምር እጅ ጻፉ። ማኅተም መቱ። ሳጥኑንም ከክብሩ ብዛት ከጠረጴዛቸው አጠገብ፣ ምሳቸውን ከሚያስቀምጡባት መደርደሪያ ላይ አኖሩትና ቆልፈው ወጡ። ቅዳሜ ቀትር ላይ የተቆለፈ እስከ ሰኞ አይከፈትም።

እሑድ ፈረንጆቹ ተራ በተራ ወደ ባሕር ዛፉ ሲመላለሱ አየሁና «ለካ የዕፅዋት ጥናትም አላቸው» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ጠየቁኝ። ገባ የተባለ ዕቃ ደግሞ ያለ አለቃ ፊርማ አይወጣም። አለቃው ለስብሰባ ጫጫ ወርዷል። ይህን ሳስረዳ ፈረንጁ ጭንቅላቱን ያዘ። ሚስትየው ግን እንደ ሴት ደፋር የለም፤ ቀጥ ብላ ግምጃ ቤቱ ገባች፣ ሳጥኑን ከመደርደሪያው አወረደች፣ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ከዚያ በላዩ ላይ ቁጭ እንደማለት ብላ አሳየችን። ንብረት ያዡ አዩዋት፤ ሳጥኑን አዩት፤ የምሳ ዕቃቸውን አዩት። በሃያ ምናምን ዓመት አገልግሎታቸው ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ቀደው አያውቁም፤ ያን ቀን ቀደዱት። «ልጄ፣ ይህን ነገር አንተም አላመጣህ፣ እኔም አልተረከብኩ» አሉኝ። ተማማልን።

እንዲህ ነው ሥራዬን ያወቅሁት። በወረቀት አስተርጓሚ፣ በግብር ሳጥን ደፊ።

ከሳምንት በኋላ አንኮበር ወጣን። መኪናው ከገበያው ራቅ ብሎ አንድ ሜዳ ላይ ቆመ፤ እኔም ከአንድ ቄስ ቤት ክፍል ተከራየሁ። ፈረንጁ ስለ ሳጥኑ ሕግ ነበረው፤ አሁን በደንብ ገብቶኛል። ከምንጭ አጠገብ አይደፋም፣ ከወራጅ ውሃ አጠገብ አይደፋም፣ ከሰው ማሳ አይደፋም። ውስጡ ሽታ የሚያጠፋ ሰማያዊ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ እሱ ውሃ ውስጥ ከገባ አደጋ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንኮበር ላይ ግን ድንጋይ ባነሣህ ቁጥር ሥሩ ውሃ ያለቅሳል። ምንጭ ያልሆነው ገደል ነው፤ ገደል ያልሆነው የሰው ገብስ ነው።

በዚያ ላይ የአገሩ ሰው ውጭ ይወጣል እንጂ ቤት ውስጥ አይጠቀምም። ያለው አንድ ሽንት ቤት፣ የገበሬ ማኅበሩ በዘመቻ ያሠራው ሞዴል ሽንት ቤት ነበር። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ወደ ሊቀመንበሩ ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሽንት ቤቱን ቁልፍ ቢያውሱኝ።»

«ለምን ጉዳይ?»

ለምን ጉዳይ እንደሆነ ብናገር ከሰዓት በኋላ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። «ለጉብኝት» አልኩ።

«ከአውራጃ መጥተው ሳይመርቁት አይከፈትም። እስካሁን ማንም አልገባበትም፤ ንጹሕ ነው።»

የሽንት ቤት ክብሩ ማንም ያልገባበት መሆኑ እንደሆነ ያን ቀን ተማርኩ።

ዞሬ ዞሬ አንድ ደረቅ ቦታ አገኘሁ፤ የድሮ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ግርጌ፣ ከፍርስራሹ በታች። ምንጭ የለው፣ ማሳ የለው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ሲወጣ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሳጥኑን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኜ፣ ዶማ በሌላው ትከሻዬ አድርጌ እሄዳለሁ። እቆፍራለሁ፣ እደፋለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ስመለስ ጉሙ ተገፎ ከሩቁ በረሃው እንደ ቁርበት ተዘርግቶ ይታያል። እውነቴን ነው የምለው፣ ከዚያ በኋላ በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር መንገድ ሄጄ ወደ ሥራ አልገባሁም።

መንገዱ ከመሠረተ ትምህርት ዳስ ሥር ያልፋል። እዚያ የምታስተምር አንዲት ልጅ ነበረች። ጥቁር ሰሌዳውን ስትጠርግ ታየኛለች።

«አስተርጓሚው፣ ዛሬም ሳጥን?»

«የጥናት ዕቃ ነው።»

«ጥናት እንዲህ ይከብዳል?»

«ይከብዳል።»

«ስትሄድ ሞልቶ ነው፣ ስትመለስ ይንኳኳል። ጥናቱን የት ነው የምትጥለው?»

በሁለተኛው ሳምንት ሳጥኑን ባዶውንም ቢሆን እየያዝኩ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመርኩ። በሦስተኛው ወር ሽማግሌ ላክሁ።

አባቷ በወጣትነታቸው ከአልዩ አምባ ሽቅብ በበቅሎ ጨውና በርበሬ ሲጭኑ የኖሩ፣ ኋላ ጌሾ የተከሉ፣ ቁጥብ ሰው ነበሩ። ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። ያከራዩኝ ቄስ፣ ለእኔ ብለው ከደብረ ብርሃን የመጡት ንብረት ያዣችን፣ እና ከአባትየው ጋር በጭነት ዘመን የተዋወቁ የአልዩ አምባ በርበሬ ነጋዴ። ሄደው ሲመለሱ የነገሩኝ ነጋዴው ናቸው።

«ወላሂ፣ ነገሩ ሰናይ ነበር» አሉኝ። «ቁጭ በሉ አሉን፤ ጉዳያችን ሳይመለስ አንቀመጥም አልን። ልጅዎን ለልጃችን አልን። ሥራው ምንድን ነው አሉ። አስተርጓሚ ነው አልን። እሱንማ ሰምቻለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ከቤተ መንግሥቱ ሥር የሚቀብረውስ ምንድን ነው አሉ። እኔ የበርበሬ ነጋዴ ምን ልመልስ? ወደ ቄሱ አየሁ፤ ቄሱ ወደኚህ አዩ። እኚህ ደግሞ ሳል ያዛቸው።»

ንብረት ያዡ አሁንም ሳል አሉ።

«ሰው የሚለውን ልንገራችሁ አሉን። ፈረንጆቹ ምንጭ እያሉ የነገሥታቱን ወርቅ ያወጣሉ፣ ያ ልጅ በሳጥን እያጋዘ ይደብቅላቸዋል ይባላል። እውነት ከሆነ ለሌባ ልጅ አልሰጥም። ውሸት ከሆነ የፊታችን እሑድ ራሱ ይምጣና ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ በአፉ ይንገረኝ አሉ።»

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አብሮ መሄድ ደንብ አልነበረም፤ ሳጥንም በሽምግልና መሀል ገብቶ አያውቅም። አንድ ሳምንት ተሰጠኝ። ወይ የወርቅ ሌባ መባል ነው፣ ወይ ሰገራ ተሸካሚ። ለአንድ ሁለት ቀን ሌባነቱ አማረኝ። ሌባ ቢያንስ ወደፊት ሀብታም የመሆን ተስፋ አለው።

ማክሰኞ ጠዋት የሰኞው ጉድጓዴ ተከፍቶ አገኘሁት። ጃርት ነው ብዬ አለፍኩ። ረቡዕ ሦስት ተከፍተው ነበር፤ አፋፉ ላይ የበረባሶ ዱካ አለ። ጃርት በረባሶ አይጫማም። ሐሙስ ከጥንት ጀምሮ የቆፈርኳቸው ሁሉ ተገላብጠው፣ አንዳንዱ እስከ ክንድ ድረስ ተቧጥጦ፣ ሰማያዊው ጭቃ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተጠርጎ ነበር። መድኃኒቱ ሽታውን ስለሚያጠፋ ሰውየው ምን እንደነካ ቶሎ አይገባውም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ አዘንኩላቸው፤ ያን ያህል ዘመን የተወራለትን ወርቅ ፈልገው፣ እኔ የቀበርኩትን አገኙ።

ዓርብ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ነበር፤ ፈረንጆቹን ወክዬ ተገኘሁ። ሊቀመንበሩ ያ ሁሉ ብርድ ሳይኖር እጁን ከካፖርቱ ኪስ አላወጣም። መፈክር ላይ ሲደርስ ግን ግራ እጅ ሳይነሣ መፈክር የለም። አነሣ። እስከ አንጓው ድረስ ሰማያዊ ነው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ገበሬ «ጓድ፣ ቀለም ፈሰሰብህ እንዴ?» አለው። «የቢሮ ሥራ ነው» አለና እጁን መለሰ። ከዚያ በኋላ የነበረው መፈክር ሁሉ ባጭሩ አለቀ።

እንግዲህ እሑድ ደረሰ። ሌሊቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ስሸመድድ አድሬ ነበር፤ «አባቴ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው የፈረንጆቹ ሰገራ ነው፤ ሥራዬም እሱን መድፋት ነው።» መዋሸት አልፈለግሁም። ቄስ ይዤ ሄጄ ብዋሽ ጋብቻውም ይረክሳል፤ ደግሞ ያቺ ልጅ ሳጥኑ መንኳኳቱን የምታውቅ ናት፣ መቼ ትስታለች።

ከበር ስንደርስ አባትየው ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ወጡ። ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው መዳፋቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው የእጃቸውን አንጓ ሰጡኝ፤ እጁ የቆሸሸ ሰው እንደሚያደርገው። ሳምኩት። ከዚያ አሰብኩ። እሑድ ነው፣ ቅዳሴ ቆይተው ነው የመጡት፣ በሰንበት ዶማ አይነሣ። ምን ነክተው ነው እጃቸው የቆሸሸው?

ገባን፤ ሽማግሌዎቼ እንደ ደንባቸው ቆሙ፣ እኔም ከኋላቸው ቆምኩ። ልጅቷ ከወጥ ቤት በኩል የእጅ ውሃ ይዛ ብቅ አለች።

«አባባ፣ ይታጠቡ።»

«ታጥቤአለሁ።»

«ይጨምሩ እንጂ። ከሐሙስ ጀምሮ በአመድም በእንዶድም ሲሞከር ነው የከረመው» አለች፣ ለነጠላዋ ጫፍ እንደምትናገር ሁሉ።

ገሥጸው ሊያስወጧት ሲሉ ጋቢው ተንሸራተተ። አየሁ። ጥፍራቸው፣ የጣታቸው መገጣጠሚያ፣ የመዳፋቸው ስንጥቅ ሁሉ ሰማያዊ። ማየቴን አዩ። ጋቢውን መልሰው ከሸፈኑ በኋላ እንኳ ዓይናቸውን ከኔ አላነሡም።

«በል እንግዲህ» አሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ በሩ ላይ አልነበረም። «በአፍህ ተናገር። ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?»

የሸመደድኩት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነው። ብናገረው ነጻ ወጣሁ፤ እሳቸው ግን በሽማግሌ ፊት፣ በቄስ ፊት፣ በገዛ ልጃቸው ፊት፣ እስከ ክንዳቸው ምን ውስጥ እንደገቡ ይታወቃል። እንዲህ አድርጌ አዋርጃቸው ልጃቸውን ብወስድ፣ በየበዓሉ በየት ዓይን ልንተያይ ነው?

«አባቴ» አልኩ፣ «ወርቅ አይደለም። ወርቅ አለመሆኑን ገልጦ ያየ ሰው ያውቀዋል። ስሙን ጥራ ካሉኝ እጠራለሁ፤ ስሙን ስጠራ ግን ሁሉም ይሰማል።»

በርበሬ ነጋዴው «ይጥራዋ፣ ምን ችግር አለው?» አሉ።

አባትየው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አይጥራ» አሉ ኋላ። «ወርቅ አይደለም ካለ አይደለም። ጥፋቱ የሱ አይደለም። ሰው በሰው ዕቃ ውስጥ እጁን መክተት የለበትም።»

ንብረት ያዣችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ትክክል ብለዋል» አሉ። «እኔም አንድ ጊዜ ከምሳዬ ጋር አስቀምጬው ነበር።»

ነጋዴው አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አዩ። «አስተግፊሩላህ። እናንተ ደጋዎች ምንድን ነው የምታወሩት?»

«ተቀመጡ» አሉ አባትየው። ሽማግሌ ተቀመጥ ተብሎ ከተቀመጠ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ነጋዴው ሳይገባቸው የመጀመሪያው ተቀማጭ ሆኑ፤ እግራቸውን ያማቸው ነበር። ከወጥ ቤት በኩል አንድ ሰው አፉን በነጠላ ይዞ ሲስቅ ሰማሁ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ መንገድ ላይ አገኘኝና ፊቴን ሳያይ አንድ ቁልፍ እጄ ውስጥ አደረገ። «ምርቃቱ ዘግይቷል፤ ጥናቱ መዘግየት የለበትም» ብሎኝ አለፈ። የአንኮበርን ሞዴል ሽንት ቤት የመረቅሁት እንግዲህ እኔ ነኝ፤ ሪባን አልተቆረጠም እንጂ። ከወራት በኋላ ከአውራጃ የመጡት ሰው ጉድጓዱን አጎንብሰው አይተው «ሽታ የለውም፣ ለሌሎች አርአያ ነው» ብለው አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩም አጨበጨበ፤ በዚያን ጊዜ ቀለሙ ከእጁ ለቋል።

ፈረንጆቹ ክረምት ሳይገባ ሄዱ። ሲለዩኝ ሴትየዋ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ነጩ መኪና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን ዳገት ሲወጣ፣ ከጎኑ ያለችውን አጭር በር እስክትጠፋ ድረስ አየኋት። የምቀልድባችሁ ይመስላችኋል። ወደ ታይፔ ተመልሼ በሁለት ጣቴ ብዙ ዓመት ደብዳቤ መታሁ፤ ከመታኋቸው ደብዳቤዎች አንዱም ምን እንደሚል አላስታውስም። ያንን የጠዋት ጉም፣ የዶማውን ክብደት፣ ከዳሱ ሥር ሳልፍ እግሬ የሚጠፋብኝን መንገድ ግን ዛሬም ጋደም ባልኩበት እሄደዋለሁ።

ስለ ሳጥኑ ከአማቴ ጋር በቃል ተነጋግረን አናውቅም። ግን ከዚያ እሑድ በኋላ በተገናኘን ቁጥር፣ ሰርግ ይሁን ልቅሶ፣ ፋሲካ ይሁን ገበያ፣ እሳቸው አንጓቸውን ይሰጡኛል፣ እኔም አንጓዬን እሰጣለሁ። ልጆቼ የአያታቸው አገር ልማድ መስሏቸው፣ ዘመድ ሲመጣ እነሱም አንጓ መዘርጋት ጀምረው ነበር። እናታቸው ናት በመከራ ያስተወቻቸው።

የመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው አንኮበር፣ እቤታቸው፣ አልጋ ላይ ሆነው ነው። መናገር ከብዷቸው ነበር። እጃቸው ከስቶ፣ ነጥቶ፣ በነጭ አንሶላ ላይ ተዘርግቷል። ባለቤቴ ከራስጌው ተቀምጣለች። ጎንበስ ስል መዳፋቸውን ቀስ ብለው አጠፉና አንጓቸውን ዘረጉልኝ። ሳምኩት፤ ከዚያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «አባባ፣ አሁንም አልለቀቀም?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

«ሊለቅ ነው» አሉኝ።